የውባንቺ እርከን

ወይራ ገደልን ከአፋፉ ሆኖ ያየ ሰው ሰፈር አየሁ አይልም። የሚያየው ደን ነው። ከብልባላ ተነስቶ ግማሽ ቀን በእግሩ የኳተነ መንገደኛ አፋፉ ላይ ሲደርስ፣ ጥዱና ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው ተደራርቦ ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶት ያገኘዋል። በመካከሉ ጭስ ሲወጣ ካላየ በቀር ከዚያ ሥር ሰው ያርሳል፣ ይወልዳል፣ ይጣላል ብሎ አይጠረጥርም። ላስታ ተራቁቷል፣ ዛፍ አልቀረለትም እያለ በየስብሰባው የሚናገር ሁሉ እዚህ መጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ይህን ደን ማንም በዘመቻ አልተከለውም። የማርያም ደን ስለሆነ የቆመ ዛፍ አይቆረጥበትም፤ የወደቀው ብቻ ይነሳል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቤቶቹ ከደኑ ሥር በየገላጣው ተበታትነዋል። ገብስና ባቄላ ይዘራሉ፣ ንብና ጥቂት ከብት ያረባሉ። መብራት የለም፤ ጤና ጣቢያ የለም፤ መኪና የሚባለውን አብዛኛው ሰው ብልባላ ገበያ ነው ያየው። ኢሕአዴግ ከገባ አስር ዓመት አልፎት ነበር፤ መንገድ ይገባላችኋል ከተባለም እንደዚያው። ወደ ላሊበላ የሚበረው አውሮፕላን በጭንቅላታቸው ላይ እያጓራ ያልፋል። ከላይ ያሉት እነሱን አያዩም፣ እነሱም ቀና ብለው አያዩም፤ ተለማምደዋል።

መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው፤ መሰላሉ። መሰላል ይባል እንጂ እንጨት ከእንጨት የታሰረበት አይደለም። የጥንት ሰዎች ቀጥ ያለውን ዓለት በየክንዱ እየፈለፈሉ፣ በየቀዳዳው የወይራ ጉማጅ ቀርቅረውበታል። ከአፋፉ ጠፍር ተንጠልጥሏል። በአንድ እጅ ጠፍሩን ይዞ፣ በእግር እርከኑን እየፈለጉ መውጣት፣ እንደዚያው መውረድ ነው። በሰፈሩ ያለ በሬ ሁሉ ወይ እዚያው የተወለደ፣ ወይ ጥጃ ሳለ በሰው ጀርባ ታዝሎ የወረደ ነው፤ ካደገ በኋላ መውጫ የለውም። ሴቷም ነፍሰ ጡር ሆና ትወጣበታለች፣ ሽማግሌውም ይወጣበታል፣ ታቦት ሲነግሥ የሚመጡት ካህናት ግን እየጸለዩ ነው የሚወርዱት።

ታዲያ እያንዳንዱ እርከን ባለቤት አለው። ጎጆ የወጣ ሰው አንድ እርከን ይይዛል፤ ሲያረጅ የሚቀይረው እሱ ነው። በየዓመቱ በመስቀል ማግስት የመርገጫ ቀን ይሆናል። ባለ እርከኑ በቅሬው፣ በሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ዳኛ ፊት ይወጣና እርከኑ ላይ ቆሞ በሁለት እግሩ ይዘልበታል። እርከኑ ካልተነቃነቀ ያ ቤት ለከርሞው ቤት ነው። ባለ እርከኑ ሲታመም ቅሬው ይሸከመዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል፣ ሲጣላ ይዳኘዋል፤ በጉባኤም የቤቱ ስም ሲጠራ ባለ እርከኑ ቃሉን ይሰጣል። ሰው ከእርከኑ ወድቆ ቢሞት ደግሞ ደሙ በባለ እርከኑ ላይ ነው፤ ቀልድ የለበትም። እርከን የሌለው ቤት በሌላ ቤት ጥላ ሥር ይገባል። የሚናገርለትም፣ መሬቱን የሚያርስለትም ያኛው ነው።

የውባንቺ ባል አዳም የሞተው በመጋቢት ነው። ሆዱን ያዘው፤ ቅሬው በቃሬዛ ጠፍሮ አፋፉ ላይ አወጣው፣ ብልባላ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ውባንቺ ባሏን ትወድ ነበር። ይህንንም የምትናገርበት ሌላ ቃል አልነበራትም፤ ለቅሶ ለመጣ ሁሉ «ደግ ሰው ነበረ፣ እወደው ነበር» ትላለች። ልጃቸው ፋና ብልባላ ነው የተዳረችው። ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

አርባው በወጣ ማግስት የአዳም ታናሽ ወንድም ታፈረ መጣ። ታፈረ ምላሱ ማር የሆነ፣ ሰው የሚስቅለት፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠና ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጥጃዋ አወራ። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቴ ውባንቺ፣ እንግዲህ አዳምም ሄደ። እርከኑን እኔ ልያዘው ብዬ ነው። አንቺም አትልፊ።»

«ማን ለፋሁ አለህ?»

«ኧረ ለደግ ነው! ወንድ የሌለበት ቤት እርከን እንደማይዝ አንቺም ታውቂያለሽ። ለባዳ ከሚሄድ ለወንድሙ ይሁን ብዬ ነው እንጂ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?» አለች ውባንቺ።

ታፈረ አልገባውም። «ምን ሆንሽ ማለት?»

«እኔ ሞቻለሁ? አዳም ነው የሞተው። እኔ ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ታፈረ ሳቀ። ቀልዳ መስሎት ነበር። ፊቷን አይቶ ግን ሳቁን አቋረጠና ዱላውን አነሳ፤ «ሐዘኑ ነው፣ ሐዘኑ ነው» እያለም ወጣ።

ነገሩ ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነበር፤ ለምን እንዲህ እንዳናደዳት ግን ለራሷም ግልጽ ያልሆነላት፣ የታፈረ ሚስት ስሜነሽ ምንጭ ላይ እስክታገኛት ድረስ ነው። ስሜነሽ እንስራዋን እየሞላች፣ ቀና ሳትል፣ «ሰፈራ ሊመጣ ነው» አለቻት። «በመተማ በኩል ነው አሉ። ለአንድ ቤት አንድ ማሳ ይሰጣሉ፣ ጥቁር አፈር ነው አሉ። የሁለት ቤት ቃል የያዘ ደግሞ የሁለት ቤት ያገኛል አሉ።»

«ማን ነው አሉ ያለው?»

«ታፈረ ነዋ። ከብልባላ ሰምቶ መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አደረ። ከመስቀል በኋላ እንሄዳለን እያለ ነው። ያንቺንም ቤት ጨምሮ።»

«አንቺስ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ስሜነሽ እንስራዋን አዘለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብላ ሄደች።

ውባንቺ ምንጩ ላይ ቀረች። ነገሩ እርከን ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገባት። እርከኑን የያዘ ቃሏን ያዘ። ታፈረ ጉባኤ ላይ ቆሞ «እንሄዳለን» ቢል፣ እሷ ቤቷን ዘግታ፣ የአዳምን መቃብር ትታ፣ የባሏን ወንድም ተከትላ የማታውቀው ቆላ ትወርዳለች። እምቢ ብትል የሚሰማት የለም፤ ቤት አይደለችማ። ይህን ስታስብ የተናደደችውን ያህል ተናድዳ አታውቅም።

የዚያኑ ቀን የቅሬው ዳኛ ዘንድ ሄደች። አያ ገብረ ሊባኖስ ዓይናቸው የደከመ፣ ነገር ግን ጆሯቸው ከወጣት የሚበልጥ አዛውንት ናቸው። ከበራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

«የአዳምን እርከን እኔ ልረግጠው ነው፣ አያ» አለቻቸው።

«ሴት ረግጣ አታውቅም።»

«ስለከለከላችኋት ነው ወይስ ስላቃታት?»

ሽማግሌው አሰቡ። እውነተኛ ሰው ስለሆኑ ቶሎ አልመለሱም። «የከለከለም የለ» አሉ በመጨረሻ። «ጠይቃ አታውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ጠየቅሁ።»

«ተይ እስቲ አንቺ ሴት፣ አታስቸግሪኝ። የመስቀል ማግስት ይታያል።»

ውባንቺ «ይታያል» የሚለውን ቃል ይዛ ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን እምቢታ ነው ብሎ ይሰማዋል፤ እሷ እሺታ ነው አለች። የአዳም እርከን አርጅቶ ስለነበር አዲስ ልታዘጋጅ ተነሳች። በማርያም ደን ውስጥ ባለፈው ዓመት ነፋስ የጣለው ወይራ ነበረ፤ ከሱ አንድ ጉማጅ በአዳም መጥረቢያ ቆርጣ አወጣች። እጇ ቆሰለ፣ ጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ጠርባ ካስተካከለችው በኋላ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ሰቅላ ለጭሱ ተወችው። የእርከን እንጨት በደንብ ካልደረቀ ቀዳዳው ውስጥ ሆኖ ይደርቅና ይኮማተራል። ይህን በወይራ ገደል የማያውቅ የለም።

ታፈረም ያውቃል። ቸኩሎ ነው እንጂ ያውቃል። ሐምሌ እንደገባ ውባንቺ ልጇን ልትጠይቅ ብልባላ ሄዳ ስትመለስ፣ አፋፉ ላይ ሆና ወደ ታች ስታይ፣ ከመሰላሉ መሐል አንዱ እርከን ከሌሎቹ ተለይቶ ነጥቶ ታያት። ጠፍሩን ይዛ ወረደች። የአዳም እርከን የለም። በቦታው ከጓሮ የተቆረጠ አዲስ ወይራ፣ ልጡ እንኳ በደንብ ያልተላጠ፣ ገና ውኃ የሚያቀር እርጥብ እንጨት ተቀርቅሯል። የአዳም እርከን ከገደሉ ሥር ድንጋዩ ላይ ተጥሎ ነበር። እሱን አንስታ አቅፋ አለቀሰች። አርባው ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ልትነቅለው ትችል ነበር፤ ልቧም ያላት ይህንኑ ነው። ግን ዝናቡ ከጠና በኋላ እርከን መስቀል ሳይደርስ አይነቀልም፤ ዝናብ ያራሰው ዓለት ይፈረካከሳል ተብሎ የተከለከለ ነው። እሷ ሕግ ጥሳ ብትገኝ ደግሞ ታፈረ የሚፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ ጉባኤው ፊት ቆማ፣ «እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ሰው ይጥላል» አለች።

ታፈረ ሳቀ። «ወይራ እኮ ነው፣ እቴ! ወይራ ምን ይሆናል?»

ወንዶቹ በየተራ ወጥተው ረገጡት። ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጎ ይዞት ነበር፤ ከሁሉም እርከን የሚበረታ ይመስላል። እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ፤ «ሴት መቼም» ያለም ነበረ።

«እንግዲያው እናንተ ርገጡት» አለች ውባንቺ። «እኔ ያንን እንጨት አልረግጥም።»

አልረገጠችውምም። በማግስቱ ጨው ልታመጣ ስትወጣ እዚያ እርከን ላይ ስትደርስ አልፋው ወደሚቀጥለው ተሳበች። ጠፍሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን እስከ ደረቷ አንስታ፣ ጉልበቷን ዓለቱ ላይ እየፋቀች። መጀመሪያ ቀን እግሯ ከዳትና ልቧ ቀጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ለመደች። ስትወርድም እንዲሁ፤ ቅርጫት ተሸክማም እንዲሁ። ሰው ከታች ቆሞ ያያታል። እሷም እንደሚያይዋት ታውቃለች፤ ቀስ ብላ ነው የምትዘለው፣ በደንብ እንዲያዩ።

ታፈረ ተበሳጨ። ቅሬው ዘንድ ሄዶ ከሰሰ፤ «እርከኔን እየዘለለች በሰው ፊት ታዋርደኛለች፣ ትርገጥ ተብላ ትታዘዝልኝ» አለ። አያ ገብረ ሊባኖስ ብዙ ጉባኤ መርተዋል፤ እንዲህ ያለ ክስ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። «እግር የሰውየው የራሱ ነው፣ ታፈረ» አሉና አሰናበቱት።

ነሐሴ ሲጋመስ አንዲት ጎረቤት ልጇን አዝላ ስትወጣ እርከኑን ዘለለችው። ለምን እንደዘለለች ስትጠየቅ «እንዲያው ፈራሁ» አለች። በሳምንቱ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ ብዙ። ሴቶቹ አልተማከሩም፤ አልተማከርንም ቢሉ ግን ማንም አላመናቸውም። ዝናቡ ሲያቆምና ፀሐይ ሲበረታ፣ በዚያ መሰላል ላይ የታፈረን እርከን የሚረግጡት ወንዶች ብቻ ሆኑ፤ እነሱም እልህ ይዟቸው ነው። አንድ ቀን ታፈረ ገደሉ ሥር ቆሞ ሳለ ስሜነሽ ለገበያ የምትሸጠውን ጠላ በእንስራ አዝላ ወጣች። ጠፍሩን ያዘች፣ እግሯን አነሳች፣ የባሏን እርከን ዘለለች።  ታፈረ ቤቱ ገብቶ ምን እንዳላት ባይታወቅም፣ በማግስቱም ስሜነሽ ስትዘል ታይታለች።

የሰፈራው ነገር እውነት ሆኖ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ይታገሱ የሚባል ወጣት ካድሬ፣ አዲስ ሸራ ጫማ ያደረገ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያ ያነገበ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች መናገር ጀመረ። መሰላሉን አንድ ጊዜ አይቶት ነበር፤ አንድ ጊዜ ማየቱ በቃው። «የተከበራችሁ የወይራ ገደል ነዋሪዎች!» ሲል ገደሉ «ነዋሪዎች፣ ዋሪዎች፣ ዎች» ይላል። ለምለም መሬት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፤ ግማሹን ነፋሱ ይወስደዋል፣ ግማሹን ዛፉ ይውጠዋል። መንግሥት ከደመና ውስጥ የሚያናግራቸው ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎ ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ውባንቺ ገደሉ ሥር ቆማ አፏን በእጇ ከልላ ጮኸች።

«አንተ! ልታነሳን የፈለግህ እንደሆነ ወርደህ አንሳን!»

ከዚያ በላይ ባለሥልጣን ተሰድቦ አያውቅም። ሴቶቹ ሳቁ፤ ወንዶቹም ሊስቁ ፈልገው ዋጡት። ይታገሱ ድምፅ ማጉያውን አወረደና ሄደ።

ክብር ያለው ልጅ ነበር ማለት ነው፤ መስቀል ሊደርስ ሲል ተመለሰና መውረድ ጀመረ። ወንዶቹ ጉባኤ ይሆናል ተብለው ገደሉ ሥር ተሰብስበው ነበር። ሴቶቹ የማርያምን ቅጥር ለበዓሉ ሲያጸዱ ነበር። ይታገሱ ጠፍሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ድምፅ ማጉያው ጀርባው ላይ እየተንገዋለለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚወርደው። ከወንዶቹ አንዱም «ያንን እርከን ዝለል» አላለውም። ቢሉት ውባንቺ እውነቷን ነበር ማለት ይሆንባቸዋል። ክረምቱን ሙሉ በእልህ የረገጡትን እንጨት አሁን በእንግዳ ፊት እንዴት አድርገው ይኮንኑት? ቆመው አዩት።

ያ እርጥብ እንጨት በመስከረም ፀሐይ ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ቀዳዳው ውስጥ ላልቶ ነበር። ይታገሱ እግሩን ሲያሳርፍበት ተገለበጠ። ልጁ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ። አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ፣ ሌላው በላይኛው እርከን ላይ ተንጠለጠለ፣ ሁለት እጁ ጠፍሩ ላይ ተጣበቀ። ድምፅ ማጉያው ከጀርባው ተፈትቶ እየተንኳኳ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። ልጁ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይል ሆነ።

ጩኸቱን ሰምታ ውባንቺ ከሴቶቹ ጋር እየሮጠች ስትደርስ፣ አያ ገብረ ሊባኖስ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ነበር። «ባለ እርከኑ ይውጣ! የማን እርከን ነው? ባለ እርከኑ ይውጣ እንጂ፣ ሰው ሊሞት ነው!»

ሁሉም ታፈረን አየ። የታፈረ ፊት አመድ መስሏል። ልጁ ከወደቀ ደሙ በማን ላይ እንደሆነ እያሰበ ነው፤ ያውም የመንግሥት ሰው ደም።

«የኔ አይደለም» አለ ታፈረ። «ገና መቼ ረገጥኩትና? የመስቀል ማግስት ነው የኔ የሚሆነው። እስከዚያ የአዳም ነው። የአዳም እርከን ነው።»

ወንዶቹ አጎነበሱ። ከመካከላቸው ለታፈረ ያፈረለት ብዙ ነበር።

«የአዳም ነው አለ» አለች ውባንቺ። ስለሮጠች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ሰማችሁት አይደል? አያ ገብረ ሊባኖስ፣ ሰሙት?»

«ሰማሁ።»

«የአዳም ከሆነ የኔ ነው።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣች። ፈርታ ነበር፤ አልፈራሁም ብላ በኋላም አልዋሸችም። እዚያ የደረሰችው ሁልጊዜ እንደምትደርሰው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ከላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ፣ ሸራ ጫማውም ከፊቷ ላይ እየተወዛወዘ ነው። በግራ እጇ ጠፍሩን ያዘች፣ ትከሻዋን ከጫማው ሥር አደረገች።

«ርገጠኝ» አለችው።

«አልችልም! ወደ ላይ ነው የምሄደው! ወደ ላይ ልመለስ!»

«ወደ ላይ የለም። ውረድ ብዬህ የወረድክ ነህ፣ ውረድ። ትከሻዬን ርገጥ።»

«እወድቃለሁ!»

«ብትወድቅ ደምህ በኔ ላይ ነው፣ ስለዚህ አትወድቅም። ርገጥ ብዬሃለሁ!»

ረገጣት። ትከሻዋ ሊገነጠል ደረሰ፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እግሩን በእጇ ይዛ የተገለበጠውን እንጨት አሳልፋ፣ ከሥሩ ባለው እርከን ላይ አኖረችለት። ከዚያ በታች አንድ በአንድ፣ እግሩን እየያዘች፣ «እዚህ፣ አሁን እዚህ» እያለች መሬት አደረሰችው።

ይታገሱ መሬት ሲነካ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ኀፍረቱ መጣበት፤ ወጣት ሲያፍር የሚቀናው ደግሞ ቁጣ ነው። «የማን ነው ያ እንጨት? ሰው ሊያስገድል ነበር! የሚጠየቅበት ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ።

«የኔ ነው» አለች ውባንቺ፣ ትከሻዋን እያሸች። «እኔን ጠይቀኝ።»

ልጁ ሸራ ጫማው በቀሚሷ ትከሻ ላይ የተወውን ጭቃ አየ። 

እሷ ግን አልጨረሰችም። ቤቷ ሄዳ ያጨሰችውን ጉማጅና የአዳምን መጥረቢያ ይዛ ተመለሰች። ወንዶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ማንም እንርዳሽ አላለም፣ ማንም ተይም አላለም። ተመልሳ ወጣች፣ የታፈረን እንጨት በአንድ እጇ መዝዛ ጣለችው። አዲሱን በመጥረቢያው ጀርባ እየመታች አስገባች፤ ድምፁ ከገደል ገደል ይማታ ነበር። ሲያልቅ ማንም ርገጪ ሳይላት ላዩ ላይ ቆማ፣ ጠፍሩን ይዛ፣ በሁለት እግሯ ዘለለችበት። ደጋግማ ዘለለች። ወርዳ አያ ገብረ ሊባኖስን ስታያቸው ሽማግሌው ደካማ ዓይናቸውን ወደ እርከኑ አንስተው ነበር። «መስቀል አልደረሰም እኮ» አለ ታፈረ ከኋላ። ውባንቺ መጥረቢያውን ይዛ በአጠገቡ አልፋ ሄደች።

ይታገሱ ያን ለት እንደገና መውጣት አልደፈረም። ከእርከን የተረፈ ሰው የባለ እርከኑ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ውባንቺ ቤት አደረ። የባቄላ ወጥ በላ፣ ጠላ ጠጣ። «እዚህ እንዴት ትኖራላችሁ?» አላት። እሷም «በመኖር» አለችው።

ሲነጋ ጉባኤው ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ይታገሱ ያለ ድምፅ ማጉያ ቆሞ ተናገረ፤ እንዲያ ሲሆን ደህና ተናጋሪ ነበር። መሬቱ ለም ነው አለ፤ ሙቀቱና ወባው ግን እንዳለ ነው አለ፤ ይህንን አፋፉ ላይ ሆኖ አልተናገረም ነበር። በግድ የሚሄድ የለም፣ የየቤቱ ኃላፊ በፈቃዱ ቃሉን ይስጥ ብሎ ተቀመጠ።

አያ ገብረ ሊባኖስ እንደ ወጉ ቤቶቹን በየስማቸው ይጠሩ ጀመር። አንዱ እንሄዳለን አለ፤ ልጆቹ ብዙ፣ መሬቱ ትንሽ ነበረ፣ ማንም አልፈረደበትም። ሌላው አንሄድም አለ። ሌላው ላስብበት አለ። ታፈረ በተቀመጠበት ዱላውን ያሽከረክራል።

«የአዳም ቤት?» አሉ ሽማግሌው።

ታፈረ ከልማድ ይሁን ከተስፋ፣ ሊነሳ ዱላውን ተደገፈ።

«የአዳም ቤት የለም» አለች ውባንቺ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ። ይህን ስትል እንባ እንደሚመጣባት አላወቀችም ነበር። «አዳም ነፍሱን ይማረው፣ አርፏል። የውባንቺ ቤት ይበሉ፣ አያ።»

 ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አባታቸውም አያታቸውም በዚህ ዛፍ ሥር የሴት ስም ጠርተው አያውቁም። ታፈረ «ኧረ አያ፣ እንዲህ ያለ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ትናንት የኔ አይደለም ብለሃል» አሉት ቀና ሳይሉ። «ሁላችንም ሰምተናል። ተቀመጥ።»

ታፈረ ተቀመጠ።

«የውባንቺ ቤት?» አሉ አያ ገብረ ሊባኖስ።

«አንሄድም!»

ጩኸቷ ካሰበችው በላይ ወጣ። ከኋላ ሴቶቹ እንደ ሠርግ እልል ሊሉ ፈልገው፣ ጉባኤ ላይ ነውር ነው ብለው ተጫኑት። ይታገሱ ራሱን ነቀነቀ። ውባንቺ አልተቀመጠችም፤ ልክ እንደ ወንዶቹ የሚቀጥለው እስኪጠራ ቆማ ጠበቀች።

«የታፈረ ቤት?» አሉ ሽማግሌው።

ታፈረ ተነሳ። አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት ግን አንገቱን አዙሮ ስሜነሽን አያት።